ምዕራፍ ሰባት፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ታች አርማጭሆ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከኋላው የፋሲልን ግንብና የአድባራቱን ጉልላት ትቶ፣ ከፊቱ በሐሩር ጭጋግ የተሸፈነውን ቆላ እያየ፣ በደጋው ብርድ የደረበውን ጋቢ ከትከሻው አውርዶ ሳንጃ ሲገባ፣ የተሻገረው የአየር ጠባይን ወሰን ብቻ አይደለም፤ ሊቃውንት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ጉባኤ ከዘረጉበት ከተማ ወጥቶ፣ ደመናውን አይቶ የዘር ቀኑን የሚያውቅ፣ አፈሩን በእጁ ጨብጦ ምርቱን የሚገምት፣ ነገር ግን የሸጠው ሰሊጥ ስንት ኪሎ እንደ መዘነ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት ለሌላ ሰው ሰጥቶ የሚያስነብብ ጎልማሳ ወዳለበት አገር ደርሷል። ይህ ጎልማሳ በሳንጃ ብቻ ያለ አይደለም፤ በመላው የሀገራችን ገጠር አለ። ነገር ግን ጉባኤውና ጎልማሳው በአንድ ጎዳና ሁለት ጫፍ የቆሙት እዚህ በመሆኑ፣ የዚህን ምዕራፍ ጥያቄ ከዚህ አገር ላይ ሆኖ መጠየቅ ይቀላል። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ጎልማሳን ማስተማር ራሱን የቻለ ጥበብ ከሆነ፣ ይህን ጥበብ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ የሚማረው ሰው በእርግጥ መማሩን የሚመሰክርለት ማን ነው?

፩. ጉባኤው

በአብነት ትምህርታችን ዕድሜ በር ላይ ቆሞ የሚከለክል ዘበኛ ሆኖ አያውቅም። ንባብና ዜማ በልጅነት ይጀመራሉ፤ ቅኔ ግን የጉርምስና፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ደግሞ ሙሉ ሰውነት ያገኙ ሰዎች ትምህርት በመሆኑ፣ ከብሉይ፣ ከሐዲስ፣ ከሊቃውንትና ከመነኮሳት ጉባኤ ፊት ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ደቀ መዝሙር ከሃያ ዓመት ወጣት ጋር በአንድ ምንጣፍ ቢቀመጥ የሚደነቅ ሰው የለም። ያ ደቀ መዝሙር ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቀለቡን ከየመንደሩ እየለመነ የሚማር፣ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር ሰው እንጂ፣ ወላጅ እጁን ይዞ ያመጣው ሕፃን አይደለም።

የቅኔ ቤትን ውሎ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው ነገሩን ይበልጥ ይረዳዋል። ጀማሪው በሁለት ቤት ከምትዘጋው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴና በዘይእዜ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ አወጣጡም የመምህሩን ቃል ሰምቶ በመድገም ብቻ አይደለም። ቀን ከጎጆው ወጥቶ ከዛፍ ጥላ ወይም ከወንዝ ዳር ብቻውን ቁጭ ብሎ ቅኔ ሲቆጥር ይውልና፣ ማታ ከየንታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል፤ የንታም ሰሙና ወርቁ የተጋጨበትን፣ ቤቱ የጎደለበትን፣ ግሱ የተሳሳተበትን እያዩ ያርሙለታል፤ ከዚያም በኋላ የራሳቸውን ቅኔ ይዘርፋሉ። በዚህ ቤት ተማሪው መጀመሪያ ይሠራል፣ ቀጥሎ ይታረማል፣ በመጨረሻም ይሰማል። ዘግየት ብሎ የገባው ደግሞ ከመምህሩ አስቀድሞ የሚማረው ከእርሱ ቀድሞ ከተማረው፣ አስነጋሪ ከሚባለው ባልንጀራው ስለሆነ፣ በቅኔ ቤት እያስተማረ የማይማር፣ እየተማረም የማያስተምር ሰው አይገኝም።

ከሁሉ በላይ ግን ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልገን የማስመስከር ሥርዓት ነው። አንድ ደቀ መዝሙር ድጓን ከየትኛውም አድባር ቢማር ወደ ጋይንት ወርዶ በቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕትን ቢማር በዙር አባ፣ አቋቋምን ቢማር በጎንደር በዓታ ካላስመሰከረ፣ «ተምሬአለሁ» ማለቱ ለራሱ ይበቃው እንደ ሆነ እንጂ ለመምህርነት አያደርሰውም ነበር። ያስተማረው መምህር ምስክርነት ብቻውን አይበቃም፤ ትምህርቱ ከምንጩ ዘንድ ሄዶ፣ ነገሩን ጠንቅቀው በሚያውቁ ሰዎች ጆሮ ተሰምቶ መጽናት አለበት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውም ብሂል የወጣው ከዚህ ጠባይ ነው፤ ሻሽ የሊቅነት ምልክት እንጂ ሊቅነት አይደለምና።

፪. ሳይንሱ

የውጭው ዓለም ስለ ጎልማሳ ትምህርት ራሱን ችሎ ማሰብ የጀመረው ዘግይቶ ነው። አሌክሳንደር ካፕ የተባለ ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1833 «አንድራጎጂ» የሚለውን ቃል ከጽርእ ቃላት አበጅቶ፣ ሕፃን ከሚመራበት «ፔዳጎጂ» ለይቶ ቢጽፈውም፣ ቃሉ ለብዙ ዘመን ተኝቶ ቆየ። በእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1920 የጎልማሶች ትምህርት ክፍል አቋቁሞ፣ ሮበርት ፒርስን በዚህ ሙያ የመጀመሪያው ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመ፤ በአሜሪካም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ የጎልማሶች ትምህርት የዶክትሬት ዲግሪ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1935 ተሰጠ። ከፍተኛ ትምህርት ራሱ እንዴት እንደሚመራና እንደሚሰጥ የሚመረምረው ወንድም ሙያ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1893 ስታንሊ ሆል በክላርክ ዩኒቨርሲቲ ካስተማረው ትምህርት እንደ ጀመረ ይነገራል።

ሁለቱ ሙያዎች በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ጣራ ሥር የተቀመጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ የሚማረውም ሰው ጎልማሳ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1970 ዋና መጽሐፉን ያሳተመው አሜሪካዊው ማልኮም ኖልስ እንዳስተማረው፣ ጎልማሳ ከትምህርት ቤት የሚመጣው ባዶ እጁን ሳይሆን የኖረበትን ዕድሜ ተሸክሞ ነው፤ የሚማርበትን ምክንያት አስቀድሞ ማወቅ ይሻል፤ ትምህርቱንም ለዛሬ ችግሩ መፍቻ እንጂ ለሩቅ ዘመን ስንቅ አድርጎ አይቀበለውም። የብራዚሉ ፓውሎ ፍሬሬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 አንዢኮስ በተባለች የገጠር ከተማ ሦስት መቶ ያህል ሠራተኞችን ከራሳቸው ኑሮ በተለቀሙ ቃላት በ40 ሰዓት ንባብ ለማስተማር በመነሣቱ፣ ጎልማሳ ፊደልን ሲያነብ ዓለሙንም አብሮ እንደሚያነብ ለዓለም አሳየ። የቅኔ ቤትን ውሎ ለሚያውቅ አንባቢ ከዚህ ሁሉ አብዛኛው እንግዳ አይሆንበትም፤ እንግዳ የሚሆንበት፣ የኖረበት ነገር በስም ተጠርቶ፣ ተመዝኖ፣ በመረጃ ተፈትኖ ሲቀርብ ማየቱ ነው።

፫. በሀገራችን

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ጎልማሳው የገባው በማታ በር ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ ከተከፈቱት የማታ ትምህርት ቤቶች አንዱ፣ ስሙ ራሱ ለጎልማሳው የተጻፈ ደብዳቤ የሚመስለው «ብርሃንህ ዛሬ ነው» ነበረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ጎንደርም በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጇን አገኘች፤ ያ ኮሌጅ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ ሐዘን በመሆኑ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒቴሪያኑን በቡድን አድርጎ ወደ ቆላ ድባና ወደ ሌሎች ጤና ጣቢያዎች እየላከ፣ ትምህርቱን ከሕዝቡ ደጅ እንዲፈጽሙ ያደርግ ነበር። ያ የቡድን ሥልጠና፣ ኮሌጁ አድጎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከተባለም በኋላ የቤቱ ልማድ ሆኖ ቀጥሏል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶቹ እንዲያገለግሉ በደንብ ሲያዝ፣ ብዙዎቹ በመምህርነት ተመድበው ሀገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጽሐፍ ውጭ ያዩት ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች እየተመራ አያትና የልጅ ልጅን በአንድ ሰሌዳ ፊት ያስቀመጠ፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት የተቀበለችበት ሥራ ሆነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመውም በእነዚያው ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መባቻ ነው። ጎልማሳው «ሀ» ብሎ ሲጀምር፣ ምሁሩም በገዛ ሀገሩ ሁለተኛ ዲግሪ መማር ጀመረ ማለት ነው፤ ሁለቱ ግን በአንድ ዘመን ተወልደው ለረጅም ጊዜ ሳይተዋወቁ ኖሩ። ጎልማሳውን ያስተማሩት ዘማቾች ልባቸው የነደደ ወጣቶች ነበሩ እንጂ ጎልማሳን ማስተማር ምን እንደ ሆነ የተማሩ አልነበሩም፤ ዘመቻው ሲቀዘቅዝም ፊደል የቆጠረው ሁሉ የሚያነበው ጋዜጣና መጽሐፍ በየመንደሩ ስላልደረሰው፣ ብዙው የተማረውን ረሳ።

የጎልማሶች ትምህርት ብሔራዊ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ፣ ፊደልን ከእርሻ፣ ከጤናና ከቁጠባ ጋር ያቆራኘው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ሲጀመር፣ አመቻቾችን የሚያሠለጥን፣ ሥራውንም የሚመረምር ባለሙያ የግድ አስፈለገ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጎልማሶች ትምህርትና የማኅበረሰብ ልማት ክፍል፣ የአዲስ አበባም ባልንጀራው፣ ይህን ባለሙያ እስከ ድኅረ ምረቃ ድረስ የሚያስተምሩ ቤቶች ሆኑ። በዚያው ዘመን ከሁለት ተነሥተው ከአርባ በላይ የደረሱት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ፊዚክሱን ወይም ሕጉን ቢያውቅም ማስተማርን ተምሮ የማያውቅ ወጣት መምህር ከሰሌዳ ፊት ስላቆሙ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የከፍተኛ ዲፕሎማ ሥልጠና ለመምህራኑ ይሰጥ ጀመር። ከገበሬው እስከ ዩኒቨርሲቲው መምህር ድረስ «ጎልማሳ እንዴት ይማራል?» የሚለው አንድ ጥያቄ ሁሉንም ያዛቸው።

፬. ድኅረ ምረቃው ምን ያስተምራል?

የሁለተኛ ዲግሪው ትምህርት በተለመደው ሥርዓት ሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው የጎልማሳን ሥነ ልቡና፣ የሥርዓተ ትምህርት ዝግጅትን፣ የማኅበረሰብ ልማትን፣ የትምህርት ፖሊሲን፣ ምዘናንና የምርምር ዘዴን ይማራል፤ በሁለተኛው ደግሞ ርእስ መርጦ፣ አማካሪ ተመድቦለት የመመረቂያ ጽሑፉን ይጽፋል። ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ አምስት ምዕራፍ አለው፤ ከእነዚህም ሁለተኛው «የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት» የሚባለው፣ ለጎንደር ሰው አዲስ አይደለም። ስለ አንድ ነገር እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሌ ግን እንዲህ ይላል እያለ ሐሳቦችን ጎን ለጎን አቁሞ የሚመዝን ሥራ በመሆኑ፣ «አንድም» እያለ ንባቡን ከብዙ ወገን ከሚፈታው፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ከሚከራከሩበት ከትርጓሜ ጉባኤ ጋር ወንድማማች ነው። የሚለዩት በሦስተኛውና በአራተኛው ምዕራፍ ነው፤ የትርጓሜ መምህር «አንድም»ን ከአበው ተቀብሎ በታማኝነት ያስተላልፋል፣ ተመራማሪው ግን «እስኪ ሄጄ ልየው» ብሎ ከጎተራው ወጥቶ ወደ እርሻው መውረድ ግዴታው ነው።

ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በክረምት ከየትምህርት ቤታቸው የሚመጡ መምህራን፣ ቅዳሜና እሑድ ከቢሮ ሥራ የሚያርፉ ሠራተኞች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። ደመወዝ ያላቸው ግን የማይበቃቸው፣ ልጅ ያላቸው፣ ማታ በድካም የሚያነቡ ሰዎች ናቸውና፣ «ጎልማሳ ተማሪ» የሚለው የኮርሱ ምዕራፍ ስለ ሌላ ሰው አይናገርም፤ ስለ ራሳቸው ነው። ይህን ያስተዋለ ተማሪ የትምህርቱን ግማሽ ተምሯል፤ ያላስተዋለው ደግሞ ስለ ሳንጃው ገበሬ «የትምህርት ፍላጎት ማነስ» ብሎ ይጽፋል፣ እርሱ ራሱ የቤት ሥራውን በምን ምክንያት እንዳዘገየ ረስቶ።

፭. ሳንጃ

አሁን ይህን ተማሪ ወደ ሳንጃ እናውርደው። የሚወርደው በክረምት ነው፤ እርሱ ከማስተማር የሚያርፈው ክረምት ነውና። የቆላው ገበሬ ግን ክረምት የዘርና የአረም ጊዜው ነው፤ ክረምቱ ሲወጣም ሰሊጡ ይደርሳል፣ ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ጥቂት ከዘገየ ፍሬ ቤቱ ተከፍቶ የዓመቱ ድካም መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ መዝገቡን ይዞ የትምህርት ዳሱን የሚጎበኝ ተማሪ፣ ስም ከመዝገቡ ላይ አግኝቶ ሰው ከወንበሩ ላይ ቢያጣ፣ ያጣው የትምህርት ፍቅር ሳይሆን ትክክለኛው ወር ነው።

እንበልና ከአንድ ጎጆ ደጃፍ አንድ ሽማግሌ አገኘ። በእንግሊዝኛ ታስቦ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ መጠይቁን አውጥቶ «አባቴ፣ የትምህርቱ ይዘት ከዕለት ኑሮዬ ጋር የተገናዘበ ነው ለሚለው ሐሳብ፣ በጣም እስማማለሁ ይላሉ፣ እስማማለሁ ይላሉ፣ ለመወሰን እቸገራለሁ ይላሉ፣ አልስማማም ይላሉ፣ ወይስ በጣም አልስማማም?» ብሎ በአክብሮት ይጠይቃል። ሽማግሌውም የእንግዳውን ፊት አይተው «እናንተ ካላችሁማ ምን ከፋኝ ልጄ፤ እስማማለሁ በል» ይሉታል። እርሱም ምልክቱን አድርጎ ወረቀቱን ያጥፋል። ከዚያ ቡና ይፈላል፤ ሁለተኛው ስኒ ላይ ሽማግሌው «ማስተማሩስ ደግ ነበር፤ ግን እኛ እጃችን ሲያዝ ትጠሩናላችሁ፣ እጃችን ሲፈታ ትዘጋላችሁ። ደግሞስ ፊደሉን ቆጠርነው፤ ሚዛኑን የሚያስነብበን መቼ ነው የሚመጣው?» ይላሉ። ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው፤ መጠይቁ ግን ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል። ሽማግሌው አልዋሹም፤ በእኛ አገር ደጅ የመጣን እንግዳ «አልስማማም» ማለት ነውር በመሆኑ አከበሩት እንጂ። ስምምነትን በአምስት እርከን የሚለካ መሣሪያ ይሉኝታን የሚለካበት እርከን የለውም።

ሌላም ምሳሌ ከዚያው ቆላ አለ። በየዓመቱ ከደጋው ወደ አርማጭሆ፣ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ወጣት የቀን ሠራተኛ፣ ካላ አዛር በተባለው ገዳይ በሽታ ይያዛል፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በግራር ሥርና በተሰነጣጠቀ መረሬ አፈር አጠገብ እየኖረች ሌሊት ትነድፋለችና፣ ከዛፍ ሥር ያለ አጎበር የሚያድረው ሠራተኛ ዋናው ሰለባ ነው። ሕክምናው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባለው ማእከል ይሰጣል። ነገር ግን ይህ ሰው ለሦስት ወር ቆላ፣ ለቀረው ወር ደጋ የሚኖር በመሆኑ በየትኛውም ቀበሌ የጎልማሶች መዝገብ አይገኝም፤ የትምህርት ፕሮግራሙ ቤት ያለውን ሰው እያሰበ የተሠራ ነውና። እርሱን የት፣ መቼ፣ በምን ቃል ማስተማር እንደሚቻል መመርመር፣ ከአንድ የዶክትሬት ጽሑፍ የማያንስ ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቃላት «ሀሁ» ሳይሆኑ «አጎበር»፣ «ግራር»፣ «ትኩሳት» ቢሆኑ ፍሬሬም የቅኔ መምህሩም የሚቃወሙ አይመስለኝም።

፮. ምስክርነቱ

በዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ተማሪው ጽሑፉን ከውስጥና ከውጭ ፈታኞች ፊት ቀርቦ ይከላከላል፤ ይህም ሥርዓት የሚናቅ አይደለም፣ የትም ሀገር ያለ፣ የአብነቱንም ማስመስከሪያ የሚመስል ነው። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ሁሉም መስካሪዎች ያሉት በአንድ ወገን ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በቤተ መጻሕፍት ስለሚቀመጥ፣ የተጻፈለት ጎልማሳ ማንበብ ቢማር እንኳ ስለ ራሱ የተጻፈውን ማንበብ አይችልም። ድጓ በቤተ ልሔም፣ አቋቋም በበዓታ የሚመሰከረው ምንጩ በዚያ ስለሆነ ነው፤ የጎልማሳ ትምህርት ምንጩ ራሱ ጎልማሳው ስለሆነ፣ ማስመስከሪያውም ከእርሱ ዘንድ ሊሆን ይገባል።

ይህን ማድረግ አዲስ ሕግም ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት አገልግለው ዲግሪ ይቀበሉ ነበር፤ የጎንደር የጤና ተማሪዎችም በቡድን ወደ ገጠር እየወጡ ዛሬም ይማራሉ። የጎልማሶች ትምህርት ተመራቂም የጽሑፉን ፍሬ ነገር በሁለት ገጽ ጥሩ አማርኛ አሳጥሮ፣ አጨዳው ካለቀ በኋላ በጥር ወይም በየካቲት፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን፣ መልስ ከሰጡት ሰዎች ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ የተሳሳተውን ያርሙት፣ የጎደለውን ይጨምሩለት፤ ያረሙትም በመጨረሻው ምዕራፍ ይግባ። የቅኔ ተማሪ ቀን የቆጠረውን ማታ እንደሚነግር፣ እርሱም ይንገር።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ምናልባት አንተም ወይም አንቺ በዚህ ሙያ ድኅረ ምረቃ ለመማር ያሰባችሁ ትሆናላችሁ፤ ማሰባችሁ መልካም ነው፣ ሀገራችንም ትፈልጋችኋለች። ርእሳችሁን ለአማካሪያችሁ ከማቅረባችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ሳንጃን ወደሚመስል ቦታ ውረዱ፤ ወረቀት ሳታወጡ እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስ ተቀመጡ። ቆቡን በኋላ ትደፉታላችሁ።